ከመስከረም እስከ ሰኔ፦ የሴቶች አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዓመት በመሀል አዲስ አበባ

ከፒያሳ እስከ ስድስት ኪሎ ባለው የመሀል አዲስ አበባ ክፍል ሴቶች ብቻ የሚማሩባቸው ትምህርት ቤቶች ዱሮም ነበሩ፣ ዛሬም አሉ። ስለ አመሠራረታቸው እዚህም እዚያም ተጽፏል። አንዲት ልጅ መስከረም ገብታ ሰኔ ላይ ካርዷን ይዛ እስክትወጣ ምን እንደምታይና ምን እንደምታገኝ ግን አንድ ላይ ተሰብስቦ አላየሁም። ይህን ዳሰሳ ያዘጋጀሁት ለዚህ ነው። ምንጮቼ ሦስት ናቸው፦ ከታሪክ የሚታወቀው፣ ስምንት ዓመት የተማርኩበት ግቢ ትዝታና የሁለት ሴት ልጆቼ የኮሙኒኬሽን ደብተር፣ መምህርና ወላጅ የሚጻጻፉበት። ደብተሩ ከመስከረም እስከ ጥር ጢም ብሎ ተጽፎበታል። ስለዚህ የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት እዚህም ሰፋ ይላል።

መነሻ

ዘመናዊ ትምህርት አዲስ አበባ ሲገባ በሩ መጀመሪያ የተከፈተው ለወንዶች ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም. ገደማ ተከፈተ። ተፈሪ መኮንን በ1917 ዓ.ም. ተከተለ። ሴት ልጅ ትማር ከተባለ ወይ ሚሲዮኖች ጋ ትላካለች፣ ወይ ቤተሰቧ አቅም ካለው አስተማሪ ቤቷ ድረስ ይመጣላታል። ይህን የለወጠው እቴጌ መነን በስማቸው ያቋቋሙት የሴቶች ትምህርት ቤት ነው። የተከፈተው በፈረንጆቹ 1931 ነው። በኛ አቆጣጠር አንዱ 1923፣ ሌላው 1924 ይላል። የፈረንጆቹ ዓመት በኛ መስከረም ላይ ለሁለት ስለሚከፈል ልዩነቱ ብዙ አያስጨንቅም። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች በአብዛኛው የመኳንንትና የሹማምንት ልጆች ነበሩ።

የጣልያን ወረራ ትምህርቱን አቋረጠው። ከነፃነት በኋላ ትምህርት ቤቱን በዳይሬክተርነት ከመሩት አንዷ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ናቸው። ስለ እሳቸው ትንሽ መቆየት ይገባል። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ናቸው። በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ተልከው ተማሩ። ጠላት ሲገባ ወደ ምዕራብ ወርደው ከአርበኞች ጋር ተሰለፉ። ተይዘውም ጣልያን አገር አዚናራ ደሴት ታሰሩ። ከእስር መልስ ወደ ማስተማር ገቡ። ቴአትር ይጽፉ ነበር፣ ድርሰታቸውንም ተማሪዎቻቸው መድረክ ላይ ይጫወቱት ነበር። በፈረንጆቹ 1957 በተደረገው ምርጫ አሸንፈው የአገሪቱ የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል ሆኑ። እህታቸው የውብዳርም ከስዊዘርላንድ ሲመለሱ በእቴጌ መነን ተምረዋል። ዓለም በፒያኖ ድርሰታቸው የሚያውቃቸው እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ እሳቸው ናቸው። ዛሬ በየሴቶች ትምህርት ቤቱ የወላጆች ቀን ሲከበር መጀመሪያ የሚታሰበው ቴአትር ነው። ልማዱ ከወይዘሮ ስንዱ የመጣ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከአብዮቱ በኋላ እቴጌ መነን የካቲት 12 ተባለ፣ ወንዶችም ገቡበት። በቅርብ ዓመታት የቀድሞ ስሙን ይዞ የልጃገረዶች አዳሪ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሆኗል። በታችኛው ክፍል የሴቶችን ትምህርት ለረጅም ጊዜ ይዘው የቆዩት በካቶሊክ እህቶች የሚመሩት ናቸው፤ ናዝሬትና ናቲቪቲ በስም ይታወቃሉ።

መስከረም

ዓመቱ የሚጀምረው ደወሉ ከመደወሉ በፊት፣ ልብስ ሰፊው ጋ ነው። ጉርድ ቀሚስና ሹራብ ይለካል። እናቶች አንድ ቁጥር ከፍ አድርገው ያሰፋሉ፤ ለከርሞም እንዲሆናት። ደብተር ይሸፈናል፣ ስም ይጻፍበታል። ኮዳና ምሳ ዕቃ ላይም እንዲሁ። አደይ አበባ ገና ሳይረግፍ፣ አበባየሆሽ ብለው የዘፈኑት ልጆች ድምፃቸው እንደሻከረ ሰልፍ ላይ ይቆማሉ።

አንደኛ ክፍሎች የመጀመሪያ ቀን ያለቅሳሉ። እኛ ግቢ ለዚህ አንድ ደንብ አለ። እያንዳንዷ አዲስ ገቢ ከላይኛው ክፍል ታላቅ እህት ትሰጣታለች። ታላቅ እህት ማለት ሽንት ቤቱን የምታሳይ፣ ረፍት ሰዓት ከጎን የምትቀመጥ፣ መውጫ ሰዓት ላይ ሰርቪስ ድረስ የምትሸኝ ናት። የኔ ታላቅ እህት የኮዳዬ ክዳን አልከፈት ሲለኝ በጥርሷ ነበር የከፈተችልኝ። ዛሬም መንገድ ላይ ሳገኛት እትዬ እላታለሁ።

በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት አንደኛ ደረጃ ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ነው። 7ኛና 8ኛ መካከለኛ ደረጃ ተብለው ተለይተዋል። በኛ ጊዜ ስምንቱም አንድ ላይ ነበር። ስለዚህ ዛሬ የግቢው ታላቆች የ11 እና የ12 ዓመት ልጆች ናቸው፣ ኃላፊነቱም በነሱ ላይ ነው። ሰንደቅ ዓላማ የምትሰቅለው ሴት ናት። ደወል የምትደውለው ሴት ናት። ስብሰባ ሲኖር ዴስክ ተሸክመው አዳራሽ የሚያስገቡትም እነሱ ናቸው። ሌላ ቦታ «ወንዶች ኑ አንሱ» የሚባለው ሥራ እዚህ የሚጠራለት ወንድ የለም። ትምህርት ቤቱ ለሴት ልጅ ከሚሰጣት ነገር ሁሉ እኔ ትልቁን ቦታ የምሰጠው ለዚህ ነው።

የትምህርት ዓይነቶቹ ለወላጅም አዲስ ናቸው። ግብረ ገብ አለ። አካባቢ ሳይንስ አለ። የክወናና የዕይታ ጥበባት የሚባል አለ፤ ዜማ፣ ሥዕልና ድራማ በአንድ ላይ ማለት ነው። አፋን ኦሮሞም እንደ አንድ ትምህርት ይሰጣል። ትንሿ ልጄ ጥቅምት ላይ እስከ አስር ቆጥራ አያቷን አስደነቀች። «ቶኮ፣ ላማ፣ ሰዲ» እያለች ደረጃውን ስትወጣ ትሰማለች።

ሚኒ ሚዲያ

ክበባት በጥቅምት ይመሠረታሉ። ቀይ መስቀል፣ አካባቢ ጥበቃ፣ የሴት ልጆች ክበብ፣ ስፖርት፣ ሚኒ ሚዲያ። ሁሉም የሚጋፋው ሚኒ ሚዲያ ለመግባት ነው። ማይክሮፎኑ አንድ ነው። ድምፅ ማጉያው ከዳይሬክተሯ መስኮት በላይ ተሰቅሏል። ጠዋት ከሰልፍ በፊትና በረፍት ሰዓት ዜና፣ ግጥም፣ እንቆቅልሽና የልደት መልካም ምኞት ይነበባል።

ትልቋ ልጄ አምስተኛ ክፍል ሆና ለመጀመሪያ ጊዜ ዜና ያነበበች ቀን አጥር ላይ ቆሜ ሰምቻታለሁ። ከድምፅዋ በላይ የሚሰማው ወረቀቱ ነበር። እጇ ሲንቀጠቀጥ ወረቀቱ ማይክሮፎኑን እየነካ ይንኮሻኮሻል። አንድ መስመር ዘለለች፣ ተመለሰች፣ ጨረሰች። የሆምሩም መምህርቷ በደብተሩ ላይ «ጥሩ ሙከራ፣ ቤት ጮክ ብላ ታንብብ» ብላ ጻፈች። በየማታው ሽንኩርት ስከትፍ አጠገቤ ቆማ አነበበች። ታኅሣሥ ላይ ስለ ከተማው የቆሻሻ አሰባሰብ ራሷ ያዘጋጀችውን ስታነብ ወረቀቱ ዝም ብሎ ነበር። በካርድ ላይ ይህ ነጥብ የለውም። እኔ ግን የዚያን ዓመት ስኬቷን ቁጠሪ ብባል ከሒሳቧ 91 በፊት የምጠራው እሱን ነው።

ረፍት ሰዓት

ግቢው በረፍት ሰዓት የተከፋፈለ ነው። በአንዱ ጥግ ሱዚ ይዘለላል። ላስቲኩ ከቁርጭምጭሚት ይጀምርና ጉልበት፣ ወገብ፣ ብብት እያለ ይወጣል። በሌላው ሰኞ ማክሰኞ በጠመኔ ተሥሎ ይዘለላል፣ ደረጃው ላይ ቅልብልቦሽ አለ። ቀሪው ሜዳ ዱሮ ባዶ ነበር። አሁን ኳስ ነው። የሉሲዎቹን፣ የሴቶች ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድናችንን፣ ጨዋታ በቴሌቪዥን ያዩ ልጆች ቡድን አላቸው፣ በየክፍሉም ይጋጠማሉ። ከቁምጣው በላይ ጉርድ ቀሚሱን እንደደረቡ ይጫወታሉ።

ጉብኝት

መሀል ከተማ መሆን ለነዚህ ትምህርት ቤቶች ትልቅ ሀብት ነው። ጉብኝት የሚወጡት በእግር ነው፣ ሁለት ሁለት ሆነው እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ፊትና ኋላ መምህርት ይዘው። ብሔራዊ ሙዚየም አምስት ኪሎ ነው፣ ድንቅነሽ እዚያ ናት። 3.2 ሚሊዮን ዓመት ሲባል ልጆቹ አይገባቸውም። ቁመቷን ሲያዩ ግን «እንደ ኔ ናት!» ይላሉ። የምትገመተው አንድ ሜትር ከአስር ገደማ ስለሆነ እውነታቸውን ነው፣ ትንሽ ልጅ ታህላለች። አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በ2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ ላይ ከተከፈተ ወዲህ ኅዳር ላይ አንድ ቀን ለሱ ይያዛል። ብዙዎቹ ይህን ያህል መጽሐፍ አንድ ቦታ ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነው። ፒያሳ ላይ ደግሞ የዓድዋ ድል መታሰቢያ አለ፣ የካቲት 2016 ዓ.ም. ነው የተመረቀው።

ይኸው ሰፈር በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ብዙ ቤተሰብ ተነሥቶበታል። ከመሀል ከተማ ራቅ ብሎ ገላን ጉራ የገቡ የልጆቼ ጓደኞች አሉ። ከነሱ አንዳንዶቹ ትምህርት ቤት አልቀየሩም። ዱሮ ደወል ሲደወል ከቤት ሮጠው የሚደርሱ ልጆች አሁን በጨለማ ይነሣሉ። ትምህርት ቤት የቀየሩትን መቀመጫ ሌሎች ሞሉት። ይህ በየትኛውም የትምህርት ቤት ሪፖርት ላይ እንደ ስኬት አይጻፍም። በየጠዋቱ ከገላን ጉራ ተነሥቶ ሰልፍ ላይ መገኘት ግን ለስምንት ዓመት ልጅ ትንሽ ነገር አይደለም።

ቁም ሳጥኑ

አምስተኛና ስድስተኛ ክፍል ላይ የወር አበባ ይመጣል። በኛ ጊዜ የነገረን ሰው የለም። አንዲት የክፍላችን ልጅ ሹራቧን ወገቧ ላይ አስራ ቀኑን ሙሉ ከመቀመጫዋ ሳትነሣ ዋለች፣ ምን እንደሆነች እኛም አናውቅም። አሁን በሴት ልጆች ክበቡ ክፍል ውስጥ አንድ የቆርቆሮ ቁም ሳጥን አለ። ሞዴስ፣ የውስጥ ሱሪ፣ ሳሙናና ትርፍ ጉርድ ቀሚስ ይቀመጥበታል። ቁልፉ ያለው ሁለት የስድስተኛ ክፍል ልጆች ጋ ነው። የቸገራት ልጅ መምህርት ፊት ሳትቆም ወደነሱ ትሄዳለች። ወላጆች በየወሩ ሞዴስ እየገዛን እናዋጣለን። ውኃ ሲጠፋ ግን ቁም ሳጥኑ ብቻውን አይበቃም፣ በመሀል ከተማም ውኃ በፈረቃ የሚመጣበት ሳምንት አለ። ያኔ ልጆች ከቤት በጀሪካን ያመጣሉ።

ጥር

ገና ያልፋል፣ የመንፈቅ ዓመት ፈተና ይመጣል። ለጥምቀት ጃንሜዳ አካባቢ መንገዱ ይዘጋል፣ የስድስት ኪሎ ልጆች በእግር ይመላለሳሉ። ካርድ ሲሰጥ ከነጥቡ አጠገብ ደረጃ ይጻፋል፦ ከስንት ስንተኛ። በዚህ ላይ ወላጆች አንስማማም። ደረጃ ልጅን ያተጋል የሚሉ አሉ፣ ያሳቅቃል የሚሉም አሉ፣ ሁለቱም የሚያሳዩት ልጅ አላቸው። ሌላው ክርክር ሴቶችን ለብቻ ማስተማር ውጤት ያሻሽላል ወይ የሚለው ነው። የዓለም ተመራማሪዎችም አልተስማሙበትም። እኔ የማውቀው የኛ ግቢ ልጅ እጇን ለማውጣት ዙሪያዋን እንደማታይ ነው።

ከየካቲት እስከ ሰኔ

ሁለተኛው መንፈቅ ዓመት በሦስት ነገር ይታወሳል። የመጀመሪያው የዓድዋ በዓል ነው። የሴቶች ትምህርት ቤት ስለሆነ ምኒልክም፣ ራስ አሉላም፣ ባልቻ አባ ነፍሶም ሴት ናቸው። ጺሙ ከጥቁር ክር ይሠራና በፕላስተር ይለጠፋል፣ በንግግር መሀል ይረግፋል፣ ልጅቷ በአንድ እጇ ይዛው ትቀጥላለች። ሁሉም የሚመኘው ግን የእቴጌ ጣይቱን ቦታ ነው። መቀሌ ላይ የምንጩን ውኃ ከጠላት እንዲያዝ የመከሩት እሳቸው ስለሆኑ ያ ትዕይንት መቼም አይቀርም። በፕላስቲክ ባልዲ ነው የሚሠራው፣ አዳራሹም በእልልታ ይናወጣል።

ሁለተኛው ሩጫ ነው። ደራርቱ ቱሉ ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ ያገኘችበትን፣ የ1984ቱን ታሪክ እነዚህ ልጆች ከእናቶቻቸው ሰምተውታል። መጋቢት ገደማ የሴቶች የ5 ኪሎ ሜትር ሩጫ በከተማው ይካሄዳል፣ መምህራንና እናቶች ቲሸርት ገዝተው ይገባሉ፣ ልጆች ዳር ሆነው ይጮኻሉ።

ሦስተኛው የ6ኛ ክፍል ከተማ አቀፍ ፈተና ነው። እናቶቻችን ዛሬም ሚኒስትሪ ነው የሚሉት። ልጆቹ ሌላ ትምህርት ቤት ሄደው፣ ሌላ ዴስክ ላይ፣ ከማያውቋቸው ወንዶች ጋር ተቀላቅለው ይፈተናሉ። ለብዙዎቹ ከግቢያቸው ውጭ የተቀመጡበት የመጀመሪያ ክፍል ነው። ትልቋ ልጄ ስትመለስ ስለ ጥያቄው ሳይሆን መጀመሪያ የነገረችኝ አጠገቧ የነበረው ልጅ ላጲስ እንዳልነበረውና የሷን ለሁለት ቆርጣ እንደሰጠችው ነው።

ከዚያ የወላጆች ቀን፣ ከዚያ ካርድ። ስድስተኛ ክፍሎች የታላቅ እህትነቱን ስም ዝርዝር ለአምስተኛዎች ያስረክባሉ፣ የቁም ሳጥኑንም ቁልፍ። በኮሙኒኬሽን ደብተሩ ላይ የዘንድሮ የመጨረሻው ጽሑፍ በቀይ እስክሪብቶ ነው፦ «ሹራቧን ክፍል ረስታዋለች። ዘበኛው ጋ ነው፣ ሐምሌ ሳይገባ ይውሰዱላት።»