ቲጂኤፍ-ቤታ ምንድን ነው? የካንሰር ቀለብ አይደለም

ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ «ቲጂኤፍ-ቤታ የካንሰር ቀለብ ነው፤ ቀለቡን ስትቆርጥበት ዕጢው ይሞታል» ሲል ሰማሁ። ስንተኛ ጊዜዬ እንደሆነ እንጃ። ሰውየው ክፋት የለውም፤ ሙሉ ስሙ (ትራንስፎርሚንግ ግሮውዝ ፋክተር-ቤታ) ውስጥ «የዕድገት» የሚል ቃል ስላየ ነው። ግን ቤቱ ታማሚ ያለበት ሰው ይህን ሰምቶ የሚወስነው ነገር አለ። ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ቲጂኤፍ-ቤታ ሴሎች የሚያመርቱት ፕሮቲን ነው፤ ቀለብ ሳይሆን መልእክት። አንዱ ሴል ይልከዋል፣ ሌላው ይሰማዋል። ትርጉሙም እንደ ሰሚው ይለያያል። አብዛኛው ስህተት የሚመጣው ይቺን ከመዝለል ነው።

ስሙ የወጣለት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መግቢያ አካባቢ ነው። የአይጥ ኩላሊት ሴሎች ለስላሳ አጋር (ጄሊ የመሰለ የሴል ማሳደጊያ) ውስጥ ያለ መደገፊያ፣ ልክ እንደ ካንሰር ሴል፣ እንዲባዙ ሲያደርግ ታየ። ቆይቶ ግን ሌላ ጉድ መጣ። የቆዳንና የሳንባን ገጽ በሚሸፍኑ ሴሎች ላይ ሲጨመር መባዛታቸውን አስቆመ። ስሙ ግን እንደተጣበቀ ቀረ።

እስቲ የሰፈር ሽማግሌ አስቡ። ጠብ ሲነሳ ገብተው «በቃ!» ይላሉ፣ ሁሉም ይሰማቸዋል። ጤነኛ ሰውነት ውስጥ ቲጂኤፍ-ቤታ ያ «በቃ» ነው። ለሚባዛ ሴል «በቃህ» ይለዋል፣ ለተቆጣ የመከላከያ ሴልም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ1992 ይፋ በሆነ ሙከራ ቲጂኤፍ-ቤታ1 (ከቲጂኤፍ-ቤታ ዓይነቶች አንዱ) እንዳይኖራቸው የተደረጉ አይጦች ከተወለዱ ጥቂት ሳምንታት በኋላ ሞቱ። የገዛ መከላከያ ሴሎቻቸው ልባቸውንና ሳንባቸውን ወርረው ነበር።

ካንሰር መጀመሪያ ራሱ ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። ከቆሽት ካንሰሮች ግማሽ ያህሉ ውስጥ «በቃ» የሚለውን ቃል ወደ ሴሉ እምብርት የሚያደርሰው ስማድ4 የተባለው ፕሮቲን ጠፍቷል ወይም ተበላሽቷል። ከዚያ ዕጢው ራሱ በሽማግሌው ድምፅ ይጮኻል፤ ቲጂኤፍ-ቤታን ራሱ ይለቃል ማለት ነው። አንድ ነገር ልጨምር፦ ሁሉም ዕጢ ጆሮውን ሙሉ በሙሉ አይደፍንም። ብዙዎቹ «አትባዛ» የምትለዋን ብቻ ትተው ሌላውን ይሰማሉ፤ ቦታቸውን ለቀው ለመሰራጨትም ይጠቀሙበታል።

ጩኸቱን የሚሰሙት እንግዲህ ጎረቤቶቹ ናቸው። ገዳዩ ቲ-ሴል (የካንሰር ሴልን የሚገድል የመከላከያ ሴል) «በቃ» ሲባል ፐርፎሪንና ግራንዛይም የተባሉትን መሣሪያዎቹን ማምረት ይቀንሳል። ሌላው ቲ-ሴል ወደ አብራጅነት ይለወጥና ጓደኞቹን ያበርዳል። ፋይብሮብላስት የተባለው ደጋፊ ሴል ደግሞ «አጥር ሥራ» የተባለ ያህል ኮላጅን የተባለውን ጠንካራ የፕሮቲን ክር ያመርታል። ቁስል ሲድንም የሚሠራው ይሄንኑ ነው።

ማይክሮስኮፕ ሥር ሲታይ ያስቆጫል። መሃል ላይ የዕጢው ሴሎች፣ ዙሪያቸውን ሮዝ የኮላጅን ክር፣ ከክሩ ውጭ ጥቋቁር ነጠብጣብ የመሰሉ ቲ-ሴሎች ተኮልኩለው። መጥተዋል፣ ግን አልገቡም። እ.ኤ.አ. በ2018 በፊኛ ካንሰር ላይ የወጣ ጥናት፣ ቲ-ሴሎቻቸው እንዲህ ውጭ በቀሩባቸው ሕሙማን ፀረ-ፒዲኤል1 መድኃኒት (ቲ-ሴልን የሚገታውን ፒዲኤል1 የተባለ ፕሮቲን የሚዘጋ) ሳይሠራ መቅረቱ ከፋይብሮብላስቶች የቲጂኤፍ-ቤታ ምልክት ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል።

«ታዲያ እናጥፋው!» ለሚለው ሰው፦ ተሞክሯል። ቲጂኤፍ-ቤታንና ፒዲኤል1ን በአንዴ የሚይዘው ቢንትራፉስፕ አልፋ የተባለ መድኃኒት በሳንባ ካንሰር ፔምብሮሊዙማብ ከተባለው፣ የቲ-ሴልን ልጓም ከሚፈታው መድኃኒት ጋር ተወዳድሮ ነበር። ብልጫ ያሳያል የሚለው ተስፋ ስለጠፋ ሙከራው እ.ኤ.አ. በ2021 ቆመ። ፍሬሶሊሙማብ የተባለውን ፀረ-ቲጂኤፍ-ቤታ መድኃኒት ከወሰዱት ደግሞ አንዳንዶቹ ቆዳ ላይ አዳዲስ ዕጢዎች ወጡ። ሽማግሌው ዝም ሲሉ፣ እስከዚያ ድረስ አርፈው የተቀመጡ ሴሎች ተነሱ ማለት ነው።

ደሜ ውስጥ ይለካልኝ ለምትሉም፦ አብዛኛው ቲጂኤፍ-ቤታ ሰውነት ውስጥ የሚቀመጠው ተለጉሞ፣ ሥራ ሳይጀምር ነው። ፕሌትሌት (ደም የሚያረጋው የደም ክፍል) ውስጥም ብዙ ስላለ ደሙ ቱቦ ውስጥ ሲረጋ ቁጥሩ ይዘላል። ከፍ ያለ ውጤት ብቻውን ስለ ዕጢው ምንም አይነግራችሁም።

ብዙ ተመራማሪዎች አሁን ዓይናቸውን የጣሉት ልጓሙ ላይ ነው። ቲጂኤፍ-ቤታ1ን እንደተለጎመ የሚይዙ፣ እንዳይፈታ የሚከለክሉ ፀረ እንግዳ አካላት ሠርተው በሕሙማን ላይ እየሞከሩ ነው። ሌላው የሰውነት ክፍል የሚያስፈልገውን «በቃ» እየሰማ ይቀጥል፣ ዕጢው አጠገብ ያለው ብቻ ይዘጋ ነው ሐሳቡ።