የፒክአፕ ክዳን ምንድን ነው? ለጎንደር መንገድስ የትኛው ይሻላል?

ባለፈው ዓመት በጥር፣ በሠርግ ሰሞን፣ ከደምቢያ ገጠር ወደ ጎንደር ሽሮና በርበሬ ጭኜ መጣሁ። ፒክአፔ ላይ ያስገጠምኩት ክዳን ገና ሁለት ሳምንቱ ነበር። ጥቁር ነው፣ ውጥር ያለ ነው፤ በመስታወት ባየሁት ቁጥር ደስ ይለኝ ነበር። ወደ አስፋልቱ እስክንወጣ ያለው የጠጠር መንገድ በዚያ ወቅት ዱቄት ነው፤ እኔ ግን ክዳኑን ተማምኜ ዘና ብዬ ነዳሁ። ቤት ደርሰን ስከፍተው ማዳበሪያዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ቀለም ሆነዋል። በደንብ ያልታሰረው የሽሮ ማዳበሪያ አፉ ላይ ጣት የሚያህል አቧራ ተጋግሯል። አክስቴ ቆንጠር አድርጋ ቀመሰች፤ ጥርሷ ላይ ቂጭ አለ። ቀና ብላ አየችኝና «ልጄ፣ የሸፈንከው ሽሮውን ነው ወይስ አቧራውን?» አለች።

ለዚህ ጥያቄ መልስ ለማግኘት ስል ነው ስለ ክዳን መማር የጀመርኩት።

የፒክአፕ ክዳን ማለት ከጋቢናው ጀርባ ያለውን የጭነት ቦታ፣ ማለትም ካሶኒውን፣ በጎንና በኋላ ካለው ግድግዳ፣ ከስፖንዳው፣ አፍ ጋር አስተካክሎ የሚዘጋ ሽፋን ነው። ከሸራ፣ ከቪኒል፣ ከአሉሚኒየም ወይም ከፋይበርግላስ ይሠራል። በውጭው ገበያ «ቶኖ» ይሉታል፤ ቃሉ የፈረንሳይኛ ሲሆን ትርጉሙ በርሜል ነው። በመኪና የመጀመሪያ ዘመን ክፍት መኪኖች ከኋላ የነበራቸው ክብ የመንገደኛ መቀመጫ በርሜል ስለሚመስል በዚህ ስም ተጠራ። ሰው በማይቀመጥበት ጊዜ መቀመጫውን ከዝናብና ከአቧራ የሚከልለው ሸራ ስሙን ወረሰ፤ ከዚያም ስሙ ወደ ፒክአፕ ተሻገረ። እኛ ዘንድ ግን ጠንካራውንም ለስላሳውንም ብዙ ሰው በጅምላ «ሸራ» ይለዋል። ከካሶኒው በላይ ቤት መስሎ የሚቆመው፣ የጎን መስኮት ያለው ዓይነት ደግሞ ካኖፒ ይባላል። እሱ የክዳን የቅርብ ዘመድ ቢሆንም ጠባዩ ሌላ ነው።

ወደ አቧራው ልመለስ። መኪና ሲሄድ አየሩን በፊቱ እየሰነጠቀ ስለሚያልፍ ከኋላው የአየር ግፊቱ ዝቅ ያለ ቦታ ይፈጠራል። ጎማ ያስነሳው አቧራ ወደዚያ ይሳባል፤ ተስቦም አይቀርም፤ በኋላው ስፖንዳ ዙሪያ ባለው ክፍተት አድርጎ ወደ ካሶኒው ይገባል። ክዳኑ ከላይ ምንም ያህል ቢወጠር ይህን አያስቀረውም። እንዲያውም ከላይ ሲዘጋ የገባው አቧራ መውጫ አጥቶ እዚያው ይረጋል። የአክስቴ ነገር እውነት ነበር፤ አቧራውን ሸፍኜ ነው ያመጣሁት።

መድኃኒቱ ከክዳኑ ይልቅ ርካሽ ነው። የኋላው ስፖንዳ ከካሶኒው ጋር በሚገናኝበት በሦስቱም በኩል፣ በተለይ ከሥሩ፣ በር ላይ እንደሚለጠፈው ያለ ማሸጊያ ላስቲክ ማስለጠፍ ነው። ክፍተቱ የት እንዳለ ለማወቅ ማታ አምፖል ወይም የስልክ መብራት አብርቶ ካሶኒው ውስጥ ማስቀመጥ፣ ክዳኑንና ስፖንዳውን መዝጋት፣ ከዚያ ጎንበስ ብሎ መዞር ነው። ብርሃን በወጣበት ሁሉ አቧራ ይገባል። እኔ ይህን ባደረግሁበት ምሽት የመኪናዬ ኋላ እንደ ወንፊት አብርቶ ነበር። ፋብሪካው ለውኃ ማፍሰሻ ብሎ የተዋቸው ቀዳዳዎችም አሉ፤ እነዚያ እንዳይደፈኑ። ውኃ ገብቶ ከቀረ ዝገት ይከተላል።

አሁን ምርጫው። ከሁሉ የቆየው የእኛው የጋራዥ ሥራ ነው፤ በያጁ ቱቦላሬ አጉብጦ ቀስት ይሠራል፣ ሸራ ይለብሳል፣ በቀለበትና በገመድ ይወጠራል። መልኩ አያምርም፤ ነገር ግን ጭነት ከስፖንዳ በላይ እንዲቆለል ይፈቅዳል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጠፍጣፋ ክዳን የሚወስድብዎት ትልቁ ነገር ከፍታ ነውና። ዳብል ጋቢና ፒክአፕ ካሶኒው አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ብቻ ይረዝማል፤ ወደ ላይ ካልተጫነ ወዴት ሊጫን ነው? ቅዳሜ ገበያ ቆመው የሚወጡትን ፒክአፖች ቢያዩ አብዛኛው ጭነት የሚታየው ከስፖንዳው በላይ ነው፤ የዶሮ ቅርጫት፣ የሽንኩርት ከረጢት፣ የተገለበጠ ወንበር። ሥራው እንዲህ የሆነ ሰው ጠፍጣፋ ጠንካራ ክዳን ቢገዛ በሁለተኛው ሳምንት ፈትቶ ግቢ ውስጥ ግድግዳ ላይ ያስደግፈዋል። ዶሮ ይሰፍርበታል።

ተጠቅላዩ የቪኒል ክዳን ለብዙው ሰው ይስማማል ብዬ አምናለሁ፤ የእኔም እሱ ነው። ከኋላ ወደ ፊት እንደ ሰሌን ይጠቀለላል፣ በሁለት ቀበቶ ከጋቢናው ጀርባ ይታሰራል፤ ካሶኒው በአንድ ደቂቃ ክፍት ይሆናል። ተጣጣፊው ደግሞ ሁለት ሦስት ቦታ ላይ እየታጠፈ ወደ ፊት ይሰበሰባል፤ በአሉሚኒየም የተሠራው ሲሆን ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ማጠፊያዎቹ አቧራ ሲጠጡ ይንጫጫሉ። እንደ ሱቅ በር እየተንሸራተተ ሳጥን ውስጥ የሚጠቀለልም አለ። ሲያዩት ልብ ይሰርቃል፤ ግን ሳጥኑ ከካሶኒው የፊት ክፍል ላይ ቦታ ይወስዳል፣ ውኃውን የሚያወርዱት ቀጫጭን ቱቦዎቹም በጎንደር አቧራ ቶሎ ይደፈናሉ። ክረምት ሲገባ ቱቦዎቹን በውኃ ወይም በአየር ያልጠረገ ሰው የመጀመሪያው ዶፍ ዕለት ሻንጣውን እርጥብ ሆኖ ያገኘዋል።

ወጥ የሆነው የፋይበርግላስ ክዳን በጋዝ ምርኩዝ ተደግፎ እንደ ኮፈን ይነሣል። የቱሪስት ሻንጣ ወደ ደባርቅ ለሚያመላልስ ወይም የመሥሪያ ቤት ዕቃ ለሚይዝ ሰው ጥሩ ነው። ለማውለቅ ግን ሁለት ሰው ይፈልጋል። ክብደቱም መኪናው ከሚችለው ጭነት ላይ ይቀነሳል። ካኖፒ ደግሞ የበለጠ ይከብዳል፤ ክብደቱ ከላይ ስለሆነ በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ላይ መኪናው ሲያጋድል ይሰማል።

ስለ ዝናብ ጥቂት ቆም ልበል፤ ምክንያቱም ሻጮች «ውኃ አያስገባም» የሚሏት ቃል ብዙ ጊዜ ለካፊያ ብቻ የምትሠራ ናት። «የሚያልፍ ዝናብ አይምታህ» ይባላል፤ የጎንደር ሐምሌና ነሐሴ ግን የሚያልፍ ዝናብ አያውቁም። ለስላሳ ክዳን ላይ ትልቁ ጠላት መሐሉ ላይ የሚቋጠረው ውኃ ነው። ሸራው ትንሽ ከረገበ ውኃ ይይዛል፣ የያዘው ውኃ ይበልጥ ያረግበዋል፤ ጠዋት ሲወጡ ካሶኒው ላይ ገንዳ ተዘርግቶ ያገኛሉ። ያንን ሳያፈስሱ ክዳኑን ከፈቱ ሁሉም ጭነቱ ላይ ነው። ስለዚህ መሐሉን ቀና የሚያደርጉት አግዳሚ ዘንጎች እንዳሉትና መወጠሪያው የሚስተካከል መሆኑን ሳያዩ አይግዙ። ቪኒል ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ሲበርድ ይኮማተራል፤ በቀትር ልክክ ያለው ክዳን በነሐሴ ንጋት ላይ አልዘጋ ብሎ ያታግላል። መጀመሪያ የሚገጠመው ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ ከለሰለሰ በኋላ ነው። በረዶ በሚዘንብበት ቀን ደግሞ ወጥሮ ከተተወው ለስላሳ ክዳን ይልቅ ጠንካራው ይሻላል፤ ይህን አልክድም።

ፀሐዩ ከዝናቡ አያንስም። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የአልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ቪኒልን የሚያለሰልሰው ቅመም በዚህ ጨረርና በሙቀት እየተነነ ያልቃል፤ ከዚያ ክዳኑ ይደርቃል፣ መጠቅለያው መስመር ላይ ይሰነጠቃል። ብዙ ሰው እንዲያብረቀርቅ ብሎ በናፍጣ ይወለውለዋል። ለአንድ ቀን ያምራል፤ ናፍጣ ግን ቪኒሉን ያበላሸዋል፣ አቧራም ይጋግርበታል። ለብ ባለ ውኃና በለዘብተኛ ሳሙና ማጠብ፣ ቢቻል ዛፍ ጥላ ሥር ማቆም ይበቃል። እርጥብ እንደሆነ ጠቅልሎ ማሳደር ግን ሻጋታ መጋበዝ ነው።

ልኬት ላይ ሰው በብዛት ይሳሳታል። «ለሃይሉክስ የሚሆን» የሚባል አንድ ክዳን የለም። ሃይሉክስ ከ1968 ጀምሮ ሲሠራ የቆየ መኪና ነው፤ ቅርጹ ስንት ጊዜ ተቀይሯል፤ ሲንግል ጋቢናውና ዳብል ጋቢናው የካሶኒ ርዝመታቸው በጣም ይለያያል። የሚለካው ከካሶኒው የፊት ግድግዳ ውስጠኛ ጠርዝ አንሥቶ እስከ ተዘጋው የኋላ ስፖንዳ ውስጠኛ ጠርዝ ድረስ ነው። ከዚያ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በሁለቱም አቅጣጫ ይለካል። ሁለቱ ልኬቶች ካልተስተካከሉ መኪናው አንድ ቀን ተመትቶ ተቃንቷል ማለት ነው፤ ቀጥ ያለ ክዳንም አይገጥምለትም። እኔ የመኪናዬን ታሪክ ያወቅሁት ከሻጩ ሳይሆን በዚህ ሜትር ነው። ከጋቢናው ጀርባ የቆመ የብረት ቀስት ካለም ክዳኑ ሊገባ ስለማይችል አስቀድሞ መታየት አለበት።

ሲገጠም ከስፖንዳው ጠርዝ ጋር ቆንጥጦ የሚይዝ ማያያዣ ያለውን እመርጣለሁ። እኔን የገጠመልኝ ወጣት መሰርሰሪያውን ይዞ «ጋሼ፣ በቡሎን ይሻላል፤ አይነቃነቅም» ብሎኝ ነበር። እውነቱን ነው፤ አይነቃነቅም። ግን የተበሳ ላሜራ ቀለም ካልተቀባ በአንድ ክረምት ይዝጋል፤ ክዳኑን የፈቱ ዕለት ደግሞ ቀዳዳው ይቀራል። ባይሆን መበሳት ግድ ከሆነ ቀዳዳው ወዲያው ፀረ ዝገት ይቀባ። ከተገጠመ ከሳምንት በኋላም ዳዶዎቹን መልሶ ማጥበቅ ነው፤ የጠጠር መንገድ ያላላቸዋል።

ስለ ሌባ ብዙ የሚባል የለም። ለስላሳ ክዳን ለምላጭ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም፤ ጥቅሙ ውስጥ ያለውን ከዓይን መሰወሩ ነው። ጠንካራውም ቢሆን የኋላው ስፖንዳ ካልተቆለፈ ቁልፉ ጌጥ ነው። ኬላ ላይ ክፈት መባሉ አይቀርምና ቁልፉ ከሾፌሩ ጋር ይሁን። አንድ ጊዜ ቁልፉን ቤት ረስቼ ወጥቼ፣ ከኋላዬ የተሰለፉት ሚኒባሶች ሁሉ የጡሩንባ ኮንሰርት አሰምተውኛል።

ነዳጅ ይቆጥባል የሚለውን ወሬ አልገዛውም። ክፍት ካሶኒ ውስጥ አየሩ ራሱ እየተሽከረከረ የክዳን ያህል ስለሚሆን ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ እሱም የሚታየው በፍጥነት ረጅም ሜዳ ላይ ሲነዳ ነው። ዳገትና ቁልቁለት በሚፈራረቅበት የደባርቅ መንገድ የሚቆጠብ ነዳጅ ካለ የእግር ጠባይ ነው የሚቆጥበው።

ሰውን ግን በተዘጋ ክዳን ሥር ማስቀመጥ አይገባም፤ ዝናብ ነው፣ ልጅ ነው፣ ቅርብ ነው ተብሎም አይሆንም። አቧራውን የሚስበው ያው ኋላ የጭስ ማውጫውንም ጭስ ይስባል፤ በውስጡ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ሰው ሳይነቃ ይገድላል። እንስሳም እንዲሁ ነው።

በግ ስጭን ክዳኑን ሙሉ በሙሉ ጠቅልዬ ከጋቢናው ጀርባ የማስረው ለዚህ ነው። ለፋሲካ ከአዘዞ በኩል ያመጣሁት ሙክት ግን መንገዱን ሙሉ ጸጥ ያለብኝ በጨዋነት መስሎኝ ነበር። ቤት ደርሼ ሳየው የግራውን የክዳን ቀበቶ እስከ ዘለበቱ አኝኮ ጨርሶታል። አክስቴ በር ላይ ቆማ ነበር፤ ምንም አላለችም፤ ገብታ የሽሮ ማዳበሪያ የሚታሰርበትን ሲባጎ አምጥታ ሰጠችኝ። እስካሁን የታሰረው በእሱ ነው።