ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፤ ግን የቱ ጉድ?

ሚያዝያ ነው፣ አዲስ አበባ፣ ካፌ ውስጥ። አጠገቤ የተቀመጡ ሁለት ወጣቶች ሒሳብ ጠየቁ። አንደኛው ወረቀቱን ገለጥ አድርጎ አየና «ክሬዚ ነው! ማኪያቶ ደግሞ ጨመረ? እውነትም ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም» አለ። ጓደኛው «ኢንሴን!» ብሎ አጸናለት።

የማኪያቶ ዋጋ ያናድዳል። እኔንም ያናድደኛል። ጉድ ግን አይደለም። ለዋጋ ጭማሪ፣ ለትራፊክ መጨናነቅ፣ ለዶሮ ወጥ ጣዕም ሁሉ «ክሬዚ» ማለት ከለመድን ወዲህ ተረቶቻችንንም በዚያው ልክ መርጨት ጀምረናል። ይሄኛው ተረት ደግሞ በጣም የምወደው ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ብዙ ሰው የሚፈታው «በየዓመቱ አንድ አስገራሚ ነገር አይታጣም» ብሎ ነው። ልክ ነው። ግን ለምን መስከረም? ጥር አለ፤ ሠርጉም ጠቡም የሚበዛበት። ግንቦትም አለ። ተረቱ እነዚህን ሁሉ አልፎ መስከረም ላይ ለምን ቆመ?

መልሱ ያለው ወንዝ ዳር ይመስለኛል።

ያደግሁት ጎጃም፣ ተምጫ ወንዝ አጠገብ ነው። በበጋ ድንጋይ በድንጋይ እየዘለልን የምንሻገረው ውሃ ሐምሌ ሲገባ ሌላ ፍጥረት ይሆናል። አፈሩን ይዞ ቀልቶ፣ ግንድ እያንከባለለ ይወርዳል። ገበያው ይሳሳል። ሠርግ የለም። ዘመድ ጥየቃም የለም። ሰው ገሣውን ደርቦ እርሻው ላይ ነው፤ ማታ እሳት ዳር ነው። ከማዶ መንደር ጋር የሚያገናኘን ድምፅ ብቻ ነበር፣ እሱንም ውሃው ይውጠዋል። የማዶ እረኛ እጆቹን አፉ ላይ ገጥሞ ይጣራል። አፉ ሲከፈት እናያለን፣ ቃሉ አይደርስም። «ምን አለ?» እንባባላለን። አንዱ «በሬ ገደል ገባ ነው የሚለው» ይላል። ሌላው «አይ፣ እገሊት ኮበለለች ነው» ይላል። እስከ ማታ እንከራከራለን።

«ቡሄ ካለ የለም ክረምት» ይባላል። ተምጫ ግን ይህን አይሰማም ነበር። ነሐሴ አጋማሽ ላይ ጅራፍ ስናጮህም ውሃው እንደሞላ ነው። ጳጉሜ 3፣ የሩፋኤል ዕለት፣ ዝናቡ ጠበል ነው ተብለን ልብሳችንን አውልቀን ስንሮጥም እንደሞላ ነው። ልጃገረዶች ለአዲስ ዓመት እንግጫ ሊነቅሉ ሲወጡ ግን የወንዙ ድምፅ ትንሽ ለስለስ ይላል። ያኔ ጉልበት ያላቸው ወንዶች ዱላ ተመርኩዘው፣ ተያይዘው ይሻገራሉ። ቀጥሎ ሴቶቹ። ከእነሱ ጋር የሁለት ወር ከምናምን ወሬ አብሮ ይሻገራል።

ማን ድንበር ገፋ። የማን ልጅ ጠፋች። ማን ከማን ተጣላ። ማን ሞተ።

አንድ ዓመት ለአያቴ የመጣላቸው ወሬ የአክስታቸው ልጅ ሞት ነበር። ሐምሌ ላይ ሞቶ ተቀብሯል። አርባው ወጥቷል። አያቴ ግን ያን ሁሉ ቀን እየሳቁ፣ እየበሉ፣ ቡና እያፈሉ ከርመዋል። መቀነታቸውን አጥብቀው አስረው ብዙ አለቀሱ። ሲበርድላቸው «ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም» አሉ። ቀስ ብለው ነው ያሉት። ከዚያ ወዲህ ይህን ተረት ቀልድ አድርጌ ሰምቼው አላውቅም።

እንግዲህ ሐሳቤ ይህ ነው። ተረቱ «ጉድ ሳይደረግ» አይልም፣ «ጉድ ሳይሰማ» ነው የሚለው። ጉዱ የሚወለደው መስከረም ላይ አይደለም። ተደርጎ አልቋል። ክረምቱ ሸፍኖት ቆይቶ ነው። ወንዙ ሲጎድል ብቅ ይላል። በእኔ እምነት ይህን ተረት የሠሩት በሞላ ወንዝ የተለያዩ መንደሮች ናቸው። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች «ዘመነ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው፣ ወንዙ በመስከረም 1 አይጎድልም» ሊሉኝ ይችላሉ። እውነት ነው። ግን ሰው ውሃው እስኪደርቅ አይጠብቅም፣ መሻገር ሲችል ይሻገራል። ደግሞ «ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው» የሚል ተረትም አለን። ጳጉሜ የዓመቱ ጅራት ካልሆነች ማን ሊሆን ነው? ሁለቱ ተረቶች የአንድ እናት ልጆች ይመስሉኛል።

ታሪካችንም ይህን ተረት የሚወደው ይመስለኛል። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶን ያሸነፈው ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ነው፤ በዓመቱ የመጨረሻ ቀን፣ ማታ፣ በችቦ ብርሃን። እኛም አገር የአዲስ ዓመት ዋዜማ ችቦ የሚበራበት ምሽት ነበር። 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሮጦ ለኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የኦሎምፒክ ወርቅ አመጣ። ጉድ ማለት ክፉ ብቻ አይደለም፤ ዓለምን ጉድ ያሰኘ ጉድም አለ። ያ መስከረም በእውነት ጉድ ሳይሰማ አልጠባም።

ሌላው የ1967ቱ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ ከጫኑ 44 ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ሲቀር፣ መስከረም 2 ቀን ከሥልጣን ወርደው በቮልስዋገን ተወሰዱ። በዋዜማው ማታ የወሎን ረሃብ የሚያሳይ ፊልም በቴሌቪዥን ታይቶ ነበር። ረሃቡ የዚያን ቀን አልጀመረም። ሰው ሲያልቅ ቆይቷል፣ ተሸፋፍኖ ነው እንጂ። መስከረም 1 የተደረገ ሳይሆን የተሰማ ጉድ ነው። ለእኔ ተረቱን ከዚህ በላይ የሚፈታልኝ ነገር የለም።

እኛም ማጋነን እንወዳለን፤ እሱን አልክድም። «ለጉድ ዘነበ»፣ «የጉድ ቆንጆ ናት»፣ «ጉድ በል ጎንደር» እንላለን። የአገሬ ሰው ግን ደረጃ ያውቅ ነበር። ካፊያ ሲጥል «አካፋ» ነው። ሲጠነክር «ዘነበ» ነው። «ለጉድ ዘነበ» የሚባለው አጥር ሲወሰድ፣ ጥጃ ሲወሰድ ነው። «ክሬዚ» ደረጃ የለውም። ብርዱም ክሬዚ፣ ጫማውም ክሬዚ፣ ፈተናውም ክሬዚ። ልጁ በእውነት የሚያስደነግጥ ነገር የደረሰበት ቀን ምን ሊል ነው? የቀረው ቃል የለም። ለዚህ ነው እጁን ወደ ተረቱ የሚሰደው፣ ተረቱንም እንደ ሌላ ክሬዚ አድርጎ የሚጠቀምበት።

ወጣቶቹን ብቻ አልወቅስም። የሬዲዮ አቅራቢዎቻችን ይብሳሉ። ታዋቂ ሰው ፀጉሩን ተቆረጠ፣ «ጉድ ሳይሰማ…»። ቡድን በመጨረሻ ደቂቃ ጎል አገባ፣ «ጉድ ሳይሰማ…»። ጥርም ይሁን የካቲት ግድ የላቸውም። እባካችሁ፣ ጎሉን «አስደናቂ» በሉት፣ ፀጉሩንም እንዳለ ተዉት። ይህን ተረት ተደብቆ ኖሮ ለወጣ ነገር አስቀምጡት። የተበላ የሕዝብ ገንዘብ ዘግይቶ ሲጋለጥ፣ ሞቶ የተቀበረ እውነት ሲወጣ፣ ያኔ ጮክ ብላችሁ በሉት፣ እኔም አብሬያችሁ እላለሁ።