የነነዌ እንስሳትና የቤተ ሙከራዋ ጥንቸል

ወንድሞችና እኅቶች፣ ጾመ ነነዌ ሲመጣ ስለ ዮናስ፣ ስለ ዓሣ አንበሪው፣ ማቅ ስለለበሰው ንጉሥ ደጋግመን እንሰማለን። እንስሳቱን ግን ብዙ ጊዜ እናልፋቸዋለን። ንጉሡ ያወጀው ጾም እኮ ከብቱንና በጉንም ይጨምራል። የመጽሐፉን የመጨረሻ ቁጥር (ዮናስ 4፥11) እዩት። እግዚአብሔር ለነነዌ የራራበትን ምክንያት ሲናገር ከ120,000 በላይ ሰዎች እንዳሉባት ይጠቅስና፣ ብዙ እንስሳትም እንዳሉባት ይጨምራል። መጽሐፉ የሚያልቀው በእነሱ ነው።

ይህን ያነሣሁት በር ተዘግቶ አፍ በሌላቸው ፍጥረታት ላይ ስለሚሠራ ግፍ ለመናገር ነው።

ሻምፖና የመሳሰሉት ነገሮች የሰው ዓይን ይጎዱ እንደሆነ የሚፈተንበት ድሬዝ የሚባል ሙከራ አለ። እ.ኤ.አ. በ1944 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ነው። ጥንቸሏ ጭንቅላቷ ብቻ ውጭ ቀርቶ ሣጥን ውስጥ ትታሰራለች። አንድ ዓይኗ ላይ ሻምፖ ወይም ሌላ ኬሚካል ይጨመራል፤ ሌላኛው ለማነጻጸሪያ ይተዋል። ከዚያ ዓይኗ ሲቀላ፣ ሲያብጥ፣ ሲቆስል ለቀናት እየታየ ይመዘገባል። በእግሯ ልታሸው ብትፈልግ አትችልም። ጥንቸል እንባዋ ጥቂት ስለሆነ የገባባትን ነገር ቶሎ አጥባ አታወጣውም።

መንዝ ጓሳ የሄዳችሁ ጭላዳዎቹን ታውቋቸዋላችሁ። ግልገሏ መጀመሪያ የእናቷን ሆድ ሙጭጭ አድርጋ ትይዛለች፤ ጠንከር ስትል ጀርባዋ ላይ ትወጣለች። ሃሪ ሃርሎ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የሌላ ዝርያ የጦጣ ግልገሎችን ከእናቶቻቸው ነጥሎ ከሽቦና ከጨርቅ የተሠራ "እናት" ሰጣቸው። ወተቱ ያለው ሽቦዋ ላይ ሆኖ እንኳ ጨርቋን አቅፈው ይውሉ ነበር። ሌሎቹን ደግሞ ከተወለዱ ጀምሮ ለብቻቸው ዘጋባቸው፤ አንዳንዶቹን እስከ አንድ ዓመት። ሲወጡ ራሳቸውን አቅፈው ይወዛወዙ፣ ራሳቸውን ይነክሱ ነበር። ይህን ሳነብ አንጀቴ ተላወሰ። ግልገል እናቱን እንደሚፈልግ ለማወቅ ይህ ሁሉ ያስፈልግ ነበር?

"መድኃኒትስ?" የምትሉኝ ትኖራላችሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ኢንሱሊን የተገኘው በ1921 በውሾች ላይ በተደረገ ምርምር ነው፤ ዛሬ በሱ በሕይወት ያሉ ምእመናን በየደብሩ አሉ። መድኃኒት የሚፈልገውን ሰው አልኮንንም። ለሻምፖና ለሊፒስቲክ ሲባል ግን ዓይን ማጥፋት ምን ሰበብ አለው? የአውሮፓ ኅብረት በእንስሳት ላይ የተሞከሩ መዋቢያዎች እንዳይሸጡ እ.ኤ.አ. በ2013 ሙሉ በሙሉ ከልክሏል። ሻምፖ ከገበያ አልጠፋም።

እኛም ከደሙ ንጹሕ አይደለንም። ደብረ ብርሃን ገበያ ጀርባው ተልጦ ዝንብ የወረረው አህያ ላይ ኩንታል ሲጫን እያየን እናልፋለን። ውቂያ ላይ የበሬውን አፍ እንዳናስር ያዘዘን አምላክ (ዘዳ 25፥4) ይህን አያይም? ጭነቱን አውርዱለት፤ ቁስሉ እስኪድን አሳርፉት።

ባዮሎጂ የምትማሩ ልጆቻችን ደግሞ ይህን ያዙልኝ። በ1959 ሁለት እንግሊዛውያን ተመራማሪዎች ሦስት ነገር ጠይቀዋል፦ ያለ እንስሳ ከተቻለ ያለ እንስሳ ይሠራ፣ ካልተቻለ ቁጥሩ ይቀነስ፣ ሥቃዩም ይቃለል። መምህራችሁን በትሕትና ጠይቁ። እንቁራሪት ሳይቀደድ በቪዲዮ ወይም በሞዴል ሊሰጥ የሚችል ትምህርት ብዙ ነው።