ውሳኔ 1325 ምንድን ነው? ለአፍጋኒስታን ሴቶችስ ምን አደረገላቸው?

ውሳኔ 1325 የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ኦክቶበር 31 ቀን 2000 ያጸደቀው ውሳኔ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ስለ ሴቶች፣ ስለ ሰላምና ስለ ደኅንነት የሚናገር የመጀመሪያው የምክር ቤቱ ውሳኔ እሱ ነው። በዚያ ወር ምክር ቤቱን የመራችው ናሚቢያ ነበረች። አሥራ አምስቱም አባላት ደግፈው ድምፅ ሰጡ።

ውሳኔው 18 ነጥቦች አሉት። ፍሬ ነገሩ ግን ብዙ አይደለም። ሴቶች ግጭትን በመከላከልና በመፍታት፣ በሰላም ድርድርም ላይ ይሳተፉ ይላል። በጦርነት ጊዜ ከጥቃት ይጠበቁ ይላል። ከጦርነት በኋላ የሚመጣው እርዳታና መልሶ ግንባታም እነሱ የሚፈልጉትን ከግምት ያስገባ ይላል። ባይፈጸም ቅጣት የለውም። አንድ መንግሥት ከፈለገ ይተገብረዋል፣ ካልፈለገ ሼልፍ ላይ ያስቀምጠዋል።

ብዙ ሰው ከዚህ ሁሉ የሚያስታውሰው ድርድሩን ነው። ስንት ሴት ተቀመጠች ተብሎ ይቆጠራል። ውሳኔው ግን ሌላም ነገር ይላል። ጦርነት በሴቶች ላይ ስላደረሰው ጉዳት መረጃ መሰብሰብ እንዳለበት ይጠቅሳል። የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊም በዚሁ ጉዳይና ሴቶች በሰላም ግንባታ ስላላቸው ድርሻ ጥናት እንዲያስጠኑ ይጋብዛል። እኔ ዋናው ነገር እዚህ ያለ ይመስለኛል። አንድ ተደራዳሪ ጠረጴዛ ላይ የሚያነሳው ነገር ቀድሞ ተጠይቆ፣ ተመዝግቦ፣ ተተንትኖ የመጣ መሆን አለበት። ያልተጠየቀ ሰው ችግር ለድርድር አይቀርብም።

አፍጋኒስታን ውስጥ ይህ ነገር ቁልጭ ብሎ ይታያል። አንድ ወንድ ጠያቂ መጠይቁን ይዞ በገጠር አንድ ቤት ደጃፍ ላይ ቆመ እንበል። በብዙ አካባቢ ባዕድ ወንድ ወደ ሴቶቹ ክፍል አይገባም፤ ከሴቶቹ ጋርም አያወራም። ስለዚህ የሚመልስለት አባወራው ነው። ውሃ አላችሁ? አለን። ሐኪም ቤት ሲያስፈልግ ትሄዳላችሁ? እንሄዳለን። ቅጹ ተሞልቶ ወደ ካቡል ይላካል። እናትየው ውሃውን ለመቅዳት ስንት ሰዓት እንደምትሄድ ቅጹ ላይ የለም። ምጥ ሲይዛት ማን እንደሚወስዳት፣ የታጣቂዎቹ ኬላ መንገዷን ዘግቶባት እንደሆነም የለም። ያንን ለማወቅ ጫማዋን አውልቃ የምትገባ፣ ከሴቶቹ ጋር ቁጭ ብላ ሻይ የምትጠጣ ሴት ጠያቂ ያስፈልጋል። ሴት አጥኚዎች ከሌሉ የሕዝቡ ግማሽ ከመረጃው ውጭ ነው። በዚያ መረጃ ላይ የተመሠረተ ፖሊሲም ግማሹን ሕዝብ ሳያይ የተጻፈ ይሆናል።

ከ2001 በኋላ ባሉት 20 ዓመታት አፍጋኒስታናውያት ሴቶች ይህን ክፍተት ለመሙላት ብዙ ለፍተዋል። ከሁሉም በላይ የሚጠቀሰው የአፍጋኒስታን ነጻ የሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ነው። በ2002 ተቋቋመ። መሪዋ ሲማ ሳማር ነበሩ፤ በሙያቸው ሐኪም ናቸው፣ በስደት ዘመናቸው ለአፍጋን ስደተኛ ሴቶች ሕክምናና ትምህርት ሲያደራጁ የኖሩ። ኮሚሽኑ በየክፍለ ሀገሩ ሰው ልኮ ሕዝቡን ስላለፉት የጦርነት ዓመታት በደል ጠየቀ። ውጤቱን በ2005 አወጣ። መጠይቁን ከመለሱት 4,151 ሰዎች 69 በመቶ የሚሆኑት እነሱ ወይም የቅርብ ቤተሰቦቻቸው ከባድ በደል ደርሶባቸዋል። ሰው የጠየቀው ፍትሕ ነበር። በደል የፈጸሙ ሰዎች ሥልጣን ላይ እንዳይቀመጡ ጠየቀ።

ከዚያስ? በ2007 ፓርላማው ላለፉት ጦርነቶች ተዋጊዎች ምሕረት የሚሰጥ ሕግ አጸደቀ። ልብ በሉ፣ በዚያ ፓርላማ ሴቶች ነበሩ። የ2004ቱ ሕገ መንግሥት ከታችኛው ምክር ቤት 249 መቀመጫዎች 68ቱ ለሴቶች እንዲሆኑ አድርጓል። ጥናቱ ተሠርቷል፣ መቀመጫውም ተገኝቷል። የጦር አዛዦቹ ጡንቻ ግን ከሁለቱም በለጠ። ይህን የማነሳው ጥናት ዋጋ የለውም ለማለት አይደለም። ያ ሰነድ ዛሬም ሕዝቡ ምን ብሎ እንደነበር ይመሰክራል። ማንም ተነስቶ «አፍጋኖች ያለፈውን መርሳት ነው የፈለጉት» ቢል መልሱ ተጽፎ አለ።

ወደ ድርድሩ እንምጣ። በ2010 መንግሥት በ2001 ከሥልጣን ከተወገደውና ይዋጋው ከነበረው ከታሊባን ጋር ሰላም ለማውረድ ከፍተኛ የሰላም ምክር ቤት አቋቋመ። ከ70 አባላት ሴቶቹ 9 ነበሩ። በ2015 አገሪቱ ውሳኔ 1325ን የምትፈጽምበትን ብሔራዊ ዕቅድ አወጣች። ዕቅዱ እስከ 2022 የሚዘልቅ ነበር። በወረቀት ላይ ጥሩ ነው። ፌብሩዋሪ 29 ቀን 2020 ግን አሜሪካና ታሊባን በኳታር ዋና ከተማ ዶሃ የአሜሪካ ጦር ስለሚወጣበት ሁኔታ ስምምነት ሲፈራረሙ የአፍጋኒስታን መንግሥት እንኳ ፈራሚ አልነበረም። ስምምነቱ ስለ ሴቶች መብት አንድም ቃል የለውም። ለእኔ ከዚያ በኋላ የመጣው ብዙው ነገር ከዚህ ዝምታ ጋር የተያያዘ ነው።

በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ አፍጋኖች እርስ በርስ መደራደር ጀመሩ። ከመንግሥት ወገን ከነበሩት 21 ተደራዳሪዎች 4ቱ ሴቶች ናቸው፤ ፋውዚያ ኩፊ፣ ሐቢባ ሳራቢ፣ ፋጢማ ጋይላኒ እና ሸሪፋ ዙርማቲ። በታሊባን ወገን አንዲትም ሴት አልነበረችም። ፋውዚያ ኩፊ ድርድሩ ሊጀመር አንድ ወር ሲቀረው ካቡል አቅራቢያ በጥይት ክንዳቸውን ተመትተዋል። ዶሃ የገቡት ክንዳቸው በጄሶ ታስሮ ነው። እዚያው ክንዳቸው እንደታሰረ ከታሊባን ተወካዮች ፊት ለፊት ተቀመጡ። ሐቢባ ሳራቢም ተራ ሰው አይደሉም። በባሚያን ክፍለ ሀገር የተሾሙ የአገሪቱ የመጀመሪያዋ ሴት አገረ ገዥ ነበሩ። ማርች 2021 ስለ አፍጋኒስታን ሰላም ሞስኮ ላይ በተደረገው ስብሰባ ግን ከልዑካኑ መካከል ብቸኛዋ ሴት እሳቸው ሆኑ። እዚያው አዳራሽ ውስጥ ለምን እኔ ብቻ ብለው ጠየቁ።

ኦገስት 15 ቀን 2021 ካቡል በታሊባን እጅ ገባች። የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴር ተዘጋ። ሕንፃው ለምግባር ጥበቃ ሚኒስቴር ተሰጠ። በሜይ 2022 የሰብአዊ መብት ኮሚሽኑ ፈረሰ። ዲሴምበር 20 ቀን 2022 ሴቶች ከዩኒቨርሲቲ ታገዱ። ከአራት ቀን በኋላ ደግሞ መንግሥታዊ ባልሆኑ ድርጅቶች እንዳይሠሩ ታዘዘ። በኤፕሪል 2023 እገዳው የተባበሩት መንግሥታት አፍጋን ሴት ሠራተኞችንም ጨመረ። በ2025 በሴቶች የተጻፉ መጻሕፍት ከዩኒቨርሲቲ ትምህርት እንዲወጡ ተደረገ።

እነዚህን እገዳዎች አብዛኛውን ጊዜ በትምህርትና በሥራ መብት ዓይን ብቻ ነው የምናያቸው። ትክክል ነው፣ መብት ነው። ግን ደግሞ እያንዳንዱ እገዳ ያቺን ደጃፉን አልፋ ገብታ የምትጠይቅ ሴት ከመንገድ ላይ ያስወጣታል። የዛሬዋ ተማሪ ነገ አጥኚ አትሆንም። አጥኚዋ መስክ መውጣት አትችልም፤ ረጅም መንገድ ለመሄድ መህረም ማለትም የቅርብ ወንድ ዘመድ አብሯት መሆን አለበት። እርዳታ ሰጪው ድርጅት የትኛው ቤት እንደተራበ ለማወቅ እንደገና አባወራውን ብቻ መጠየቅ ይጀምራል።

ሥራው ግን አልቆመም። የፈረሰው የሰብአዊ መብት ኮሚሽን የመጨረሻ ሊቀ መንበር የነበሩት ሻህርዛድ አክባር በስደት ራዋዳሪ የሚባል ድርጅት መሥርተው አገር ቤት ያለውን የመብት ጥሰት እያጠኑ ሪፖርት ያወጣሉ። የተባበሩት መንግሥታት የሴቶች ድርጅትም ከሌሎች ጋር ሆኖ ከኦገስት 2022 ጀምሮ በየጊዜው የአፍጋኒስታንን ሴቶች አስተያየት ይሰበስባል። የአገር ቤቶቹ ሴቶች አደጋውን እያወቁ ነው የሚናገሩት።

ይህ ሁሉ መረጃ የት ይደርሳል? በጁን 2024 መጨረሻ የተባበሩት መንግሥታት ዶሃ ላይ ስለ አፍጋኒስታን ስብሰባ ጠራ። ታሊባን መጣ። ታሊባን በተቀመጠበት ክፍለ ጊዜ የአፍጋኒስታን ሴቶች ተወካዮች አልነበሩም። የሴቶቹና የሲቪል ማኅበረሰቡ ተራ ታሊባን ከወጣ በኋላ፣ ለብቻው ሆነ። ውሳኔ 1325ን የጻፈው ይኸው ድርጅት ነው። ታሊባን ካልመጣ ንግግር አይኖርም የሚል መከራከሪያ አለ፤ ይገባኛል። ነገር ግን አንዱ ወገን ማን እንዲገባ የሚመርጥበት ስብሰባ፣ ሴቶቹ የሰበሰቡትን ማስረጃ ለእነሱ ሳይሆን ስለ እነሱ ለሚያወሩ ሰዎች አሳልፎ ይሰጣል። ቢያንስ የሚቀጥለው ስብሰባ ሲጠራ አጀንዳው ከመጽደቁ በፊት እነዚህ ጥናቶች ለተሳታፊው ሁሉ መሰራጨት አለባቸው። ያጠኗቸው ሴቶችም እዚያው ክፍል፣ በዚያው ሰዓት መቀመጥ አለባቸው።