የሥራ ሰዓት ምንድን ነው? ደመወዝ የሚታሰበውስ ከየት ጀምሮ ነው?

አንዲት የልብስ መደብር ሠራተኛ አለች እንበል። ፈረቃዋ የሚጀምረው ጠዋት 2 ሰዓት ነው። ግን 1፡45 ላይ መድረስ አለባት። ዩኒፎርም ትለብሳለች፣ ኮምፒውተሩን ትከፍታለች፣ የካዝናውን ገንዘብ ትቆጥራለች። ልክ 2 ሰዓት ሲሆን በሩ ለደንበኛ ይከፈታል። ደመወዟም የሚታሰበው ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ነው። ያ 15 ደቂቃ ታዲያ የማን ነው?

አብዛኛው አሠሪ የሰው ላብ ልብላ ብሎ አይነሳም። ይህን ከልቤ አምናለሁ። የሚሳሳተው የሥራ ሰዓት ሲባል እጅ የሚንቀሳቀስበት፣ ዕቃ የሚሸጥበት ጊዜ ብቻ ስለሚመስለው ነው። ሕግ ግን ነገሩን ሰፋ አድርጎ ነው የሚያየው።

ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1930 ለንግድና ለቢሮ ሠራተኞች ያወጣው 30ኛው ስምምነት ግልጽ ትርጉም አለው (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የሥራ ሰዓት ማለት ሠራተኛው በአሠሪው ትእዛዝ ሥር ሆኖ የሚቆይበት ጊዜ ነው። ከትእዛዝ ውጭ ሆኖ የሚያርፍበት ጊዜ አይቆጠርም። ልብ በሉ፤ ትርጉሙ ሠራተኛው ምን ሠራ ብሎ አይጠይቅም። ያ ጊዜ በማን እጅ ነበር ብሎ ነው የሚጠይቀው።

ይህ ልዩነት በደንብ የሚታየው በተጠባባቂ ሠራተኛ ላይ ነው። በ1944 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የአንድ ሳሙና ፋብሪካ የእሳት አደጋ ሠራተኞችን ጉዳይ አየ። ሰዎቹ በተጠባባቂነት ተራቸው አብዛኛውን ጊዜ ሥራ አልነበራቸውም፤ ካርታም ይጫወቱ ነበር። ግን ከግቢው መውጣት አይችሉም፤ ደወል ከጮኸ መነሳት አለባቸው። ፍርድ ቤቱ ጊዜው ሥራ ነው አለ። አሠሪ ሰውን እንዲጠብቅ ብቻ ሊቀጥረው ይችላል፤ መጠበቁም ራሱ ሥራ ነው ማለት ነው።

አውሮፓም ተመሳሳይ መንገድ ሄዳለች። በ2003 የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በጀርመን ሆስፒታል ውስጥ ተረኛ የሆነ ሐኪም፣ አልጋ ተሰጥቶት ቢተኛ እንኳ፣ እዚያው እስካለ ድረስ ሰዓቱ የሥራ ሰዓት ነው ብሎ ወሰነ። በ2018 ደግሞ ቤቱ ሆኖ የሚጠብቅ የቤልጂግ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ጉዳይ ተወሰነ። ከተጠራ በ8 ደቂቃ ውስጥ መድረስ ነበረበት። በ8 ደቂቃ ውስጥ መድረስ ያለበት ሰው ገበያ መሄድ፣ ልጁን ይዞ መዝናናት አይችልም። ስለዚህ ቤቱ ቢሆንም የሥራ ሰዓት ነው ተባለ። ስልኩ ክፍት ሆኖ እንደ ልቡ የሚንቀሳቀስ ሰው ግን ሌላ ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚደናገሩበት ነገር አለ። «ይቆጠራል ወይ?» እና «ይከፈልበታል ወይ?» ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። የአውሮፓ ኅብረት የሥራ ሰዓት መመሪያ የወጣው ለጤናና ለዕረፍት ነው። በአማካይ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይለፍ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ የ11 ሰዓት ዕረፍት ይኑር ይላል። ክፍያውን ለየአገሩ ሕግና ለውሉ ነው የተወው። የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2021 ያየውን ውሰዱ። በሚንከባከቧቸው ሰዎች ቤት የሚያድሩ ሠራተኞች ለተኙበት ሰዓት ዝቅተኛውን የደመወዝ ወለል መጠየቅ አይችሉም አለ። የሚታሰብላቸው ለሥራ የነቁበት ሰዓት ነው። ስለዚህ አሠሪ ሆይ፣ አንዱን ጥያቄ መልሰህ ሁለተኛውን አትዝለል።

ጉዞስ? ከቤት ወደ ቋሚ የሥራ ቦታ መሄድ በአብዛኛው አይቆጠርም። በሥራ ቀን ከአንዱ ደንበኛ ወደ ሌላው መሄድ ግን ይቆጠራል። ቋሚ ቢሮ የሌላቸው ጥገና ሠራተኞችን በተመለከተ የአውሮፓው ፍርድ ቤት በ2015 ከዚህም አለፈ። ጠዋት ከቤታቸው ወደ መጀመሪያው ደንበኛ፣ ማታም ከመጨረሻው ደንበኛ ወደ ቤታቸው የሚሄዱበትን ጊዜ የሥራ ሰዓት ውስጥ አስገባው።

ሲወጡ የሚደረግ ፍተሻ ደግሞ በአንድ አገር ውስጥ እንኳ ሁለት መልስ አለው። በ2014 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጋዘን ሠራተኞች ለፍተሻ ተሰልፈው የሚጠብቁበት ጊዜ በፌዴራል ሕግ አይከፈልበትም አለ። በ2020 የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በግዛቲቱ ሕግ ይከፈልበታል አለ። «ሌላው ጋ እንዲህ ነው የሚሠራው» ብሎ መተማመን የማይበጀው ለዚህ ነው። ሠራተኛው የሚሠራበትን አካባቢ ሕግ ማየት ግድ ነው።

ምሳ ሰዓትም አለ። ሠራተኛው ምሳውን እየበላ ስልክ የሚያነሳ፣ በር የሚጠብቅ ከሆነ አላረፈም። ወረቀቱ ላይ ዕረፍት ተብሎ መጻፉ ብቻውን ሥራውን ዕረፍት አያደርገውም።

ወደዚያ 15 ደቂቃ ልመለስ። ትንሽ ይመስላል አይደል? በሳምንት 6 ቀን ከሆነ 90 ደቂቃ ነው። በ50 ሳምንት 75 ሰዓት ይሆናል። 20 ሠራተኛ ካለ 1,500 ሰዓት። ሌላም ጣጣ አለው። በቀን 8 ሰዓት የሚከፈላት ሠራተኛ ጠዋት 15፣ ማታ 15 ደቂቃ ያለ ክፍያ ብትሠራ፣ እውነተኛው የሰዓት ክፍያዋ በ6 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ደመወዟ በሕግ ከተቀመጠው ወለል ላይ ከነበረ ከወለሉ በታች ወረደ ማለት ነው። አሠሪው ሳያውቀው ሕግ ጥሷል።

ደቂቃዎቹ ተደምረው ከመደበኛው ሰዓት ካለፉ ደግሞ የኦቨርታይም ጥያቄ ይነሳል። በ1919 የወጣው የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የሥራ ስምምነት ለኢንዱስትሪ ሠራተኞች በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ወሰነ። በልዩ ሁኔታ ለሚፈቀደው ትርፍ ሰዓትም ክፍያው ቢያንስ የመደበኛው 1.25 እጥፍ ይሁን አለ። በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ ሲሆን 1.5 እጥፍ ነው፤ ከዚህ ነፃ የሆኑ የሥራ ዓይነቶች ግን አሉ።

«እኔ አላዘዝኩም፣ እሱ ራሱ ነው አምሽቶ የሠራው» የሚል መልስ ብዙ ጊዜ ይሰማል። የአሜሪካ ሕግ አሠሪው እያወቀ ዝም ካለ እንደ ፈቀደ ይቆጥረዋል። የማትፈልጉት ሥራ ከሆነ ማስቆም የእናንተ ድርሻ ነው። ሥራውን ተቀብሎ ሒሳቡን እምቢ ማለት አይሆንም።

ከሁሉ በላይ ግን መዝገብ ይኑራችሁ። በ1946 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አንድ መርህ አስቀመጠ፦ አሠሪው በቂ መዝገብ ካልያዘ፣ ሠራተኛው የሠራውን ሰዓት በግምት ማሳየቱ ይበቃል፤ ከዚያ ማስተባበሉ የአሠሪው ሸክም ነው። የአውሮፓው ፍርድ ቤትም በ2019 አባል አገሮች አሠሪዎችን የእያንዳንዱን ሠራተኛ የቀን ሰዓት የሚለካ ሥርዓት እንዲዘረጉ ማስገደድ አለባቸው አለ። ሲገቡም ሲወጡም ትክክለኛው ደቂቃ ይጻፍ። ሁሉም በየቀኑ ልክ 2 ሰዓት ገብቶ ልክ 11 ሰዓት ወጣ የሚል መዝገብ ማንም አያምነውም።

ለመደብሯ ሠራተኛ መፍትሔው ሁለት ነው። ወይ ደመወዟ ከ1፡45 ጀምሮ ይታሰብ፤ ወይ እሷ 2 ሰዓት ትግባና በሩ 2፡15 ላይ ይከፈት።