ባለ ቀለም ጥላ ምንድን ነው?

ባለ ቀለም ጥላ ማለት ሠዓሊው ጥላን በጥቁር ወይም በቡናማ ቀለም ከማጨለም ይልቅ በሰማያዊ፣ በሐምራዊ ወይም በአረንጓዴ የሚሥልበት አሠራር ነው። አሠራሩ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በኋላ በፈረንሳይ የተነሡት፣ ኢምፕሬሽኒስት የተባሉት ሠዓልያን ዋነኛ መለያ ሆኗል። ስለ እነርሱ ሲወሳ አስቀድሞ የሚጠቀሰው ፈጣንና ያልተድበሰበሰ የብሩሽ አጣጣላቸው ነው፤ እኔ ግን ሥዕላቸውን ማጣጣም ለሚፈልግ ሰው ከሁሉ በፊት ጥላውን እንዲያይ እመክራለሁ፤ ድፍረታቸው ከሁሉ ጎልቶ የሚታየው እዚያ ነውና።

ክሎድ ሞኔ እ.ኤ.አ. በ1868 መጨረሻና በ1869 መጀመሪያ የብርድ ወራት በኖርማንዲ የሣለውን፣ ዛሬ በፓሪሱ ኦርሴ ሙዚየም የሚገኘውን «ላ ፒ» የተሰኘ ሥዕል እንመልከት። በረዶ በሸፈነው መስክ ላይ ረጅም አጥር ተዘርግቷል፤ በግራ በኩል ባለው የአጥሩ በር ላይ አንዲት ጥቁርና ነጭ ወፍ አርፋለች። ፀሐይዋ ከአጥሩ ጀርባ ስለሆነች ጥላው ወደ ተመልካቹ ይወድቃል፤ ያ ጥላ ሐምራዊ የተቀላቀለበት ሰማያዊ ነው። ፀሐይ ያገኘው በረዶም ቢሆን ቀረብ ብለው ሲያዩት ንጹሕ ነጭ አይደለም፤ ቢጫና ክሬም መሰል ቀለም ጣል ጣል ተደርጎበታል። ሥዕሉ በ1869 ለፓሪሱ ይፋዊ ዐውደ ርእይ ለሳሎን ቀርቦ ተቀባይነት አላገኘም።

ይህ የሠዓሊው ፈጠራ ብቻ አይደለም። ጥላ ያረፈበት ቦታ የፀሐይን ቀጥተኛ ብርሃን ቢያጣም ከጠራው ሰማይ የሚመጣውን ሰማያዊ ብርሃን አያጣም፤ በረዶ ደግሞ ከደረሰው ብርሃን አብዛኛውን መልሶ ስለሚያንጸባርቅ ሰማያዊነቱ ጎልቶ ይታያል። በዚህ ላይ የዐይናችን ጠባይ ይጨመራል። በጎብላን የምንጣፍ ፋብሪካ የማቅለሚያ ክፍሉን ይመራ የነበረው ኬሚስት ሚሼል ሼቭረል፣ ጥቁሩ ክር ደብዝዟል የሚል አቤቱታ ሲቀርብለት መርምሮ፣ ጥፋቱ የማቅለሚያው ሳይሆን ከጎኑ የተሸመኑት ቀለማት መሆኑን ደረሰበት። በ1839 ባሳተመው መጽሐፍም ጎን ለጎን ያሉ ቀለማት አንዱ የሌላውን መልክ እንደሚለውጡ፣ ለምሳሌ ቢጫ አጠገቡ ያለውን ነገር ወደ ሐምራዊ እንደሚያስጠጋው አስረዳ። እንግዲህ ቢጫማ ብርሃን ባለበት መስክ ጥላው ሐምራዊ ሆኖ ቢታየን የሚያስደንቅ አይደለም።

እርግጥ ነው፣ ጥላ ቀለም እንዳለው ከኢምፕሬሽኒስቶቹ በፊት ሌሎችም አስተውለዋል፤ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ በማስታወሻው ጽፎታል። አዲሱ ነገር ብርሃኑ ሳይለወጥ እዚያው ሜዳ ላይ ቆሞ መሣሉ ነው። ለዚህም አሜሪካዊው ሠዓሊ ጆን ጎፍ ራንድ በ1841 የፈለሰፈው የቆርቆሮ የቀለም ቱቦ፣ ቀለምን ይዞ ወደ ሜዳ ለመውጣት ስለሚያመች፣ ትልቅ እገዛ አድርጓል። በአካዳሚ የሠለጠኑ ብዙ ሠዓልያን ከጥቁር ቡናማ መደብ (ሸራው አስቀድሞ ከሚቀባው የታች ቀለም) ተነሥተው ወደ ብርሃን ሲሄዱ፣ እነዚህ ግን ብዙ ጊዜ ነጣ ባለ መደብ ላይ ስለሚሥሉ ጥላቸው ሳይቀር ያበራል።

የዘመኑ ተመልካች ይህን በቀላሉ አልተቀበለም። ኦጉስት ሬኑዋር በ1876ቱ ሁለተኛ የኢምፕሬሽኒስቶች ዐውደ ርእይ በዛፍ ሥር ያለች ሴት ሥዕል አቀረበ፤ በቅጠሉ መካከል ሾልኮ የወረደው ብርሃን በገላዋ ላይ አረንጓዴና ሐምራዊ ጥላ ጥሎበታል። የፊጋሮ ጋዜጣው ሐያሲ አልቤር ቮልፍ ይህን ሲያይ ገላውን እየበሰበሰ ካለ ሬሳ ጋር አመሳሰለው። ሐያሲው ቀለማቱን በትክክል አይቷቸዋል፤ ከቅጠልና ከሰማይ የመጡ መሆናቸውን ግን አልተቀበለም።

ከቡድኑ ውስጥ ኤድጋር ዴጋ ሜዳ ላይ መሣልን አይወድም ነበር። ይሁንና ዘፋኞችንና የባሌት ዳንሰኞችን ሲሥል የመድረኩ መብራት ከታች ወደ ላይ ስለሚበራባቸው አገጭና አፍንጫቸው ደምቆ፣ በተለምዶ ብርሃን የሚያገኘው የፊታቸው ክፍል በጥላ ይዋጣል፤ በእርሱም ሥዕል ጥላው ከየት እንደመጣ መጠየቅ ያዋጣል።